ማሽኑን የእኛን ዘመን ያስተማረ ሰው

በጡረታ መሸኛዬ ቀን መድረክ መሪው ማይክራፎኑን አንስቶ «ጋሽ አዳነ ማለት የፈረንጁን ማሽን የእኛን ዘመን አቆጣጠር ያስተማረ ሰው ነው!» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። በስጦታ ያለበሱኝ ካባ ትከሻዬ ላይ ነበር። ካባውን ተከናንቤ ብጠፋ በወደድኩ። ሰዉ ግን ነገሩ ትሕትና መሰለውና አንገቴን በደፋሁ ቁጥር ጭብጨባው ይብስ ጀመር። ከሒሳብ ክፍል አንዷማ እልልታዋን አቀለጠችው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ፊቴን አይታ «ምነው፣ ካባው ጠበበህ?» አለችኝ።

«ጭብጨባው ነው የጠበበኝ» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ያ ጭብጨባ ከጆሮዬ አልወጣም። በዚያ ሁሉ የሥራ ዘመኔ ሰው መርጦ ያጨበጨበልኝ በአንዲት ነገር ነው። እኔም ከሥራዬ ሁሉ መርጬ የማፍረው በዚያችው ነገር ነው። ስለዚህ የሥራ ዘመኔን ልጻፍ ብዬ ስነሣ ሌላውን እየነካካሁ ዞሬ ወደ እሷ መምጣቴ አይቀርም።

ሥራ የጀመርኩት ሰቆጣ ገበያ ዳር ሬዲዮ በመጠገን ነው። የዚያን ጊዜ የሬዲዮ ሕመም ቀላል ነበር። ወይ ባትሪው ፈስሶ ሽቦውን በልቶታል፣ ወይ ባለቤቱ ዜና አናዶት መሬት ላይ ፈጥፍጦታል። ከዚያ አንድ የእርዳታ ፕሮጀክት የመገናኛ ሬዲዮ ጠጋኝ ብሎ ወሰደኝ፤ ቀጥሎ የውሃ ፕሮጀክት ገባሁና እዚያው ሸበትኩ። ደመወዙ ብዙ አልነበረም፤ ሳይቆራረጥ መምጣቱ ግን ልጆቼን አሳድጎልኛል። አምደወርቅ ላይ የጄኔሬተርና የፓምፕ ጠጋኝ ሆኜ ቆየሁ። እዚያ የነበረው አለቃዬ ሪፖርት ካልደረሰው ምሳ የማይወርድለት ሰው ነበር። ፓምፑ ቢቆም ብዙም አይከፋውም፤ መቆሙ በጊዜ ተጽፎ ካልደረሰው ግን አገር ይያዝልኝ ይላል። ቀጥሎ ሰሃላ ላኩኝ። ሰሃላ መኪና የሚታየው አልፎ አልፎ ስለሆነ መሣሪያዬን በአህያ ጭኜ በእግሬ ነበር የምዞረው።

ለሥራ ያበቁኝ ጋሽ ተገኘ ናቸው። ድሮ የመንገድ ቀያሽ ነበሩ፤ በኋላ እኛ ፕሮጀክት ውስጥ የቅየሳውን ክፍል ይመሩ ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ አቧራ ውስጥ ውለው እንኳ ጫማቸው የሚያበራ ሰው ናቸው። አንድ የማይለወጥ ልማድ ነበራቸው። የትኛውንም መሣሪያ ይዘው ከግቢ ሊወጡ ሲሉ በሩ አጠገብ ያለች አንዲት ድንጋይ ላይ ያቆሙታል። የዚያች ድንጋይ ቦታ ተለክቶ የታወቀ ነው። መሣሪያው የድንጋይዋን ቦታ በትክክል ከተናገረ ይወጣል፤ ካልተናገረ የፈለገው አለቃ ቢቆጣ አይወጣም። ሲመለሱም እዚያው አቁመው ይጠይቁታል።

«መሣሪያ ማለት ምስክር ነው» ይሉኝ ነበር። «መጀመሪያ የምታውቀውን ጠይቀው። የምታውቀውን በትክክል ሲነግርህ፣ ያኔ የማታውቀውን ትጠይቀዋለህ።»

መስክ ላይም ቁጥር ከወሰዱ በኋላ ጥቂት ራመድ ብለው እንደገና ያዩታል። እሳቸው ተንቀሳቅሰው ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ መሣሪያው ተኝቷል ማለት ነው። አንድ ቀን የያዝኩት መሣሪያ አልሠራ ብሎኝ «ተራራው ጋርዶን ነው» ስላቸው ቀና ብለው ተራራውን አዩትና «ተራራው ትናንትም እዚሁ ነበር» አሉኝ። ስቄ አለፍኩት።

እሳቸው ጡረታ ወጥተው ቤታቸው ከተቀመጡ በኋላ ማሽኖቹ መጡ። መዳፍ ላይ የሚያርፉ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ናቸው፤ ጂፒኤሳቸው እዚያው ውስጣቸው ነው፣ ካርታ የሚያሳይ ሶፍትዌርም ተጭኖባቸዋል። የሚሠሩት ሊነክስ በሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። ሊነክስ ምን እንደሆነ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔም አላውቅም። ግን ቶሎ ተዋደድን፤ እንደ ድሮው ሬዲዮ ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን ያሳያላ! ጥቁሯን መስኮት ከፍተህ ትዕዛዝ ስትጽፍ ጂፒኤሱ ከሳተላይት የሰማውን መስመር በመስመር ሲያወርደው ታያለህ። ሰማይ ካየ መስመሩ በቁጥር ይሞላል። ካላየ የቁጥሩ ቦታ ባዶ ሆኖ ኮማ ብቻ ይደረደራል።

እኔም ለየሕመሙ መድኃኒት አወጣሁ። ካርታው ላይ ነጥብ አልመጣ ካለ መጀመሪያ ካርታውን አላየውም። ጂፒኤሱ ነቅቷል ወይ? ከነቃስ ይናገራል ወይ? ከተናገረስ ካርታው ይሰማዋል ወይ? ብዙውን ጊዜ ከጀርባ ተደብቆ የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም ጂፒኤሱን ቀድሞ ይይዘውና ካርታው አፉን ከፍቶ ይቀራል። ያንን ፕሮግራም ስታስለቅቀው ነጥቡ ብልጭ ይላል። ከሰሃላ ደግሞ «ታውሯል» ተብሎ የተላከ ማሽን ነበር። እኔ ጋ ሲደርስ ደህና ያያል፤ ሰሃላ ሲመለስ ይታወራል። በኋላ የመስክ ሠራተኛውን ከነማሽኑ አስጠራሁት። ለካ እንዳይሰበርበት ብሎ ቆዳ ሠሪ ዘንድ ወስዶ ውስጡ በቆርቆሮ የተለበጠ ማኅደር አሠርቶለታል። ማኅደሩ ሲያምር! ግን በቆርቆሮ ውስጥ ሰማይ አይታይም። «ኧረ ጋሽ አዳነ፣ ቤት ሠርቼለት እኮ ነው!» ሲለኝ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ያን ጊዜ በሰው ስህተት መሳቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ስሜ እንዲህ ሲገን አለቃችን አስጠሩኝ። ማሽኑ የመዘገበው ሁሉ በፈረንጅ ቀንና በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚወጣው። ጠዋት በሦስት ሰዓት የተወሰደውን ዘጠኝ ይለዋል፤ ወሩም ዓመቱም ሌላ ነው። ሪፖርት የሚያጠናቅሩት ሰዎች በመቀያየር ተማረሩ። አለቃችን «አዳነ፣ አንተ እያለህ ይህ ማሽን እኛን ማስቸገር አለበት?» አሉኝ።

አለበት ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብልኝ ደረቴ ይነፋል። ጥቁሯን መስኮት ከፍቼ የማሽኖቹን ሰዓት በእኛ ቀን፣ በእኛ ሰዓት ሞላሁት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ማሽኑ በአንዴ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመለሰ፤ እኛም ሁላችን ወጣት የሆንን ይመስል ፈነደቅን። እርግጥ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ አልተማረም። የእነሱ ሁለተኛ ወር አጭር ናት፤ የእኛ ሁለተኛ ወር ጥቅምት ግን ሠላሳ ቀን ሙሉ ነው። ስለዚህ የጥቅምት መጨረሻ ሲደርስ ማሽኑ ሳይጠይቅ ወደ ኅዳር ዘሎ ይቀድመናል። ጳጉሜን ጭራሽ አያውቃትም። በየጊዜው ሰብስቤ በእጄ ስመልሳቸው ሰዉ ይስቅ ነበር። «የአዳነ ማሽኖች ጳጉሜን ይጾማሉ» የሚል ቀልድም ወጣልኝ።

ከዚያ ወዲህ ማሽኖቹ ቦታቸውን ለማግኘት መዘግየት ጀመሩ። ሁልጊዜ አይደለም፤ ባትሪያቸው ወልቆ ሲነሡ ብቻ ነው። የመስክ ሠራተኞቹ ሲያማርሩ «ተራራው ጋርዷችሁ ነው» እላቸዋለሁ። ዋግ ውስጥ በተራራ ማመካኘት ቀላል ነው፤ የትም ብትቆም አንድ ተራራ አይጠፋም። የበሩን ድንጋይም ትቼው ነበር። ሰማይ ላይ ሳተላይት ተሰቅሎልን ድንጋይ መጠየቅ ያረጀ ነገር መሰለኝ።

እዚያው ዋግ፣ ዝቋላ ወረዳ ውስጥ አንድ መንደር አለ። ስሙን አልጽፈውም፤ እፍረቱ የእኔ ነውና ለእነሱ አላካፍልም። ሴቶቹ ውሃ ለመቅዳት ገደል ወርደው ገደል ይወጣሉ፤ በጋው ሲጠና ያም ይነጥፍባቸዋል። ለጉድጓድ ቦታ ለመምረጥ በመጋቢት ከኢንጂነር ሰብለ ጋር ወረድን። ሰብለ የከርሰ ምድር ውሃ የምታጠና፣ ሥራዋን የምታውቅ ልጅ ናት። ጠዋት ላይኛው ትከሻ ላይ፣ አያ ኪሮስ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ማሳ ውስጥ ሞከረች። ደስ አላላትም። ቢሆንም ችካል አስመታች፤ እኔም ቦታውን በማሽኑ መዘገብኩ። ማሽኑ ከሰቆጣ ጀምሮ በርቶ ስለመጣ ወዲያው አገኘው።

ቀትር ላይ እዚያው ችካሉ አጠገብ ባትሪው አለቀና ቀየርኩት። ከሰዓት በኋላ ታች ወንዙ ዳር፣ የጋራ ግጦሽ ላይ ወረድን። ግራ ቀኙ ገደል ነው። ሰብለ ለክታ ለክታ ስትጨርስ ፊቷ በራ። «እዚህ ነው ጋሽ አዳነ» አለችኝ በሹክሹክታ፤ ለመንደሩ ሰው ገና ተስፋ መስጠት አልፈለገችም። በሞከረችበት ሁሉ ችካል ስለተመታ ሰዉ የተመረጠው የትኛው እንደሆነ አላወቀም። እኔም ማሽኑን አወጣሁ።

ሶፍትዌሩ ቦታ ሲያጣ ለመጨረሻ ጊዜ ያየውን ቦታ በግራጫ ነጥብ ያሳያል፤ ሲያገኝ ነጥቡ ሰማያዊ ይሆናል። ፀሐይ ስክሪኑ ላይ እያንጸባረቀች ነበር። በባርኔጣዬ ከልዬ ባየው ግራጫ መሆኑን እለይ ነበር። ጥቂት ራመድ ብል ነጥቡ ከቦታው አለመነቃነቁን አይ ነበር። ነገር ግን ጉልበቴ ዝሏል፣ የሚጠብቀን መንገድም ሽቅብ ነው። ነጥብ አየሁ፤ መንደሩም ካርታው ላይ ከአውራ ጣቴ ያነሰ ነበርና የቆምኩበት ቦታ መሰለኝ። መዝግብ የሚለውን ነካሁ። ማሽኑ እሺ አለ።

ሰብለ ክረምቱ ሳይገባ ለትምህርት ውጭ አገር ሄደች። ችካሎቹን ከብት ነቀላቸው፣ የቀረውን ሰው ለማገዶ ለቀመው። መቆፈሪያው መኪና ሰኔ ላይ ሲደርስ የተመረጠውን ቦታ የሚያውቀው የእኔ ቁጥር ብቻ ነበር። ቁጥሩ የት እንደወሰዳቸው ብዙ ቆይቼ ነው ያወቅሁት። እኔ ሰቆጣ ነበርኩ። የመኪናው ሾፌር ሲመለስ «ደረቅ ነው፤ አቧራ ብቻ አወጣን» አለን። ቀጥሎም ሲስቅ «አንድ ሽማግሌ ቡቃያዬ አይረገጥም ብሎ አስቸግሮን ነበር። ሽማግሌዎች ገላግለው በግድ አስፈቀዱት። አሁን መንደሩ ‹ሳይወድ ሰጥቶ አደረቀው› እያለ እሱ ላይ ተነሥቷል» ብሎ ነገረን። እኛም አብረን ሳቅን። ማን ሽማግሌ፣ የቱ ማሳ ብዬ አልጠየቅሁም።

የጥቅምት መጨረሻ ደረሰና እንደ ልማዴ ማሽኖቹን ሰብስቤ ቀን ላስተካክል ተቀመጥኩ። አንዷ ለጥገና አዲስ አበባ ሄዳ የተመለሰች ናት፤ እዚያ ሰዓቷን ወደ ፈረንጅ መልሰውታል። ሁለት ማሽን ባትሪያቸውን አውጥቼ አስነሣሁና ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። የፈረንጇ ወዲያው ቦታዋን አገኘች። እኔ ያስተማርኳት ሻይ ጠጥቼ ስመለስም ኮማ እየደረደረች ነበር። ተራራ የለም። ጣሪያ የለም። ሰዓቷን ወደ ፈረንጅ መለስኩት። ነጥቡ ብልጭ አለ።

ነገሩ ይህ ነው። ጂፒኤሱ ከእንቅልፉ ሲነሣ የትኛውን ሳተላይት የት እንደሚፈልግ የሚነግረው ሰዓቱ ነው። እኔ ሰዓቱን አሳስቼ ሳተላይቶቹ ዛሬ በሌሉበት ቦታ አስፈለግሁት። የመጋቢቱን ማሽን አውጥቼ የዝቋላውን ካርታ ከፈትኩ። የጠዋቱ ነጥብና የከሰዓቱ ነጥብ አንዱ አንዱ ላይ ተደርበው ቁጭ ብለዋል። ሰብለ ታች ወንዙ ዳር ያገኘችውን ውሃ እኔ ላይ አያ ኪሮስ ማሳ ውስጥ አስቆፍሬዋለሁ። የተረገጠው የእሳቸው ቡቃያ ነበር። የተሳቀባቸውም እሳቸው ነበሩ።

የዚያኑ ቀን ለአለቃችን ነገርኩ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «በል መኪናው ጥር ላይ ወደዚያ ይመለሳል፤ ታች ይቆፈራል፣ ውሃው ይወጣል። ለመንደሩ ሰው ስለ ሰዓት ብታወራ ማን ይገባዋል? የቴክኒክ ችግር ነበር እንላለን» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ይህንንም መደበቅ አልችልም፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጋሽ ተገኘ ታመው ተኝተው ነበርና ልጠይቃቸው ሄድኩ። ነገሩን ስጨርስ ስለ ማሽኑ አንድም ነገር አልጠየቁኝም።

«ለማን ነገርክ?» አሉኝ።

«ለአለቃችን።»

«አለቃህ እዚያ መሬት አለው?»

«የለውም።»

«ሂድና ለሰውየው መንደር ንገር። ውሃው ሳይወጣ ሂድ።»

«ውሃው ከወጣማ ሁሉም ነገር ይረሳል ጋሽዬ» አልኳቸው።

«ሳይወጣ ሂድ ነው የምልህ» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

አልሄድኩም። መንገዱ ሩቅ ነው አልኩ፤ የመስክ መኪና የለም አልኩ፤ ሳምንት ልሂድ አልኩ። እውነቱን ለመናገር እነዚያ ሰዎች ፊት ቆሜ «በሰዓት ነው» ስል ታየኝና አፈርኩ። የዛሬው እፍረቴ የዚያን ቀኗን ትንሽ እፍረት ለማምለጥ ስል የገዛሁት ነው። ጋሽ ተገኘም ያን ሰሞን ዐረፉ።

ጥር ላይ እኔ በነገርኳቸው ምልክት ታች ወንዙ ዳር ተቆፈረ። ውሃው እየተንዶለዶለ ወጣ። የካቲት ላይ ፓምፑ ተገጥሞ ሲመረቅ እኔም ከአለቆቹ ጋር ሄድኩ። መንደሩ ነጭ ለብሶ ወጥቷል። ከኋላዬ ሁለት ሽማግሌዎች በኽምጣኛ፣ በዋግ አገው ቋንቋ፣ ያወራሉ፤ ከከተማ የመጣ ሰው የሚሰማቸው አልመሰላቸውም። እኔ ግን የሰቆጣ ልጅ ነኝ።

«አየህ» አለ አንዱ፣ «ኪሮስን ኅዳር ላይ ወንፈል ስንከለክለው ነው ልቡ የተሰበረው።»

«ማሽላውን ወፍ ሲጨርሰው አየሁት፤ ብቻውን ሲያጭድ ነበር። አሳዘነኝ ግን ዝም አልኩ።»

«ያ ባይሆን ፍየሉን አርዶ መች ይታረቅ ነበር? ‹ከልቤ ሰጥቻለሁ› ብሎ በማለ በወሩ ይኸው ውሃው መጣ።»

ጋሽ ተገኘ «ውሃው ሳይወጣ» ያሉኝ ያኔ ገባኝ። በሰኔ መንደሩ የጠረጠረውን በጥር የወጣው ውሃ አረጋገጠው። ጥቅምት ላይ በእግሬም ቢሆን ሄጄ ቢሆን ኖሮ ያ ማሽላ በወንፈል ይታጨድ ነበር።

ከዚያ አያ ኪሮስን አስነሧቸው። ኩታቸውን አደግድገው ቆሙና «በደሌን ይቅር ብላችሁ ውሃውንም አሳያችሁኝ፤ እግዜር ያክብራችሁ» አሉ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አለቃችንም አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ። እጄ ሲያጨበጭብ እያየሁት አላስቆምኩትም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ እውነት እያደር ደፈረሰ።

መጋቢት ሲጋመስ ፈቃድ ወስጄ ብቻዬን ወረድኩ። ማሽኑንም ይዣለሁ። አያ ኪሮስ ደጃቸው ላይ ገመድ ሲገምዱ አገኘኋቸው። ጠላ ቀዱልኝ፤ ሳልጠጣ መናገር ጀመርኩ።

«አያ ኪሮስ፣ የእርስዎ መሬት ምንም አላጠፋም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ማሽኑን ከፍቼ ሁለቱን የተደራረቡ ነጥቦች አሳየኋቸው። ሳተላይት ምን እንደሆነ፣ ማሽኑ በሰዓቱ እየተመራ እንደሚፈልጋቸው፣ እኔ ሰዓቱን በእኛ ቀን ሞልቼ እንዳሳሳትኩት ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

«ገበያ ባልዋለበት ቀን ገበያ እንደመውጣት ነዋ!» አሉ።

«አዎ! ልክ እንደዚያ ነው አያ ኪሮስ። መቆፈር የነበረበት ታች ነበር፤ በእኔ ስህተት እርስዎ ማሳ ውስጥ ተቆፈረ። ቡቃያዎም በከንቱ ተረገጠ። በእርስዎ ልብ አይደለም የደረቀው።»

የተገላገልኩ መሰለኝ። እሳቸው ግን ገመዳቸውን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ደግ ሰው ነህ» አሉኝ። «ይህን ሁሉ መንገድ ለእኔ ብለህ መጣህ። እኔ ግን የልቤን አውቃለሁ። ያን ቀን መኪናው ቡቃያዬን ሲረግጠው ‹ምናለ ቢደርቅባቸው› ብያለሁ። ከአፌ አልወጣም፤ በልቤ ነው ያልኩት። ይህን ማሽንህ አያውቀውም።»

«የሰው ልብ ውሃ አያደርቅም፤ ውሃው መጀመሪያውንም ታች ነበር!»

«ውሃው የመጣው ስታረቅ ነው። አይተኸዋል እኮ፤ አንተም ስታጨበጭብ አይቼሃለሁ።»

«እንግዲያው ለሽማግሌዎቹ ልንገራቸው» አልኩ።

«ተው ወንድሜ። ‹ኪሮስ ከሰቆጣ ሰው አምጥቶ አስዋሸ› ይሉኛል። አሁን ታርቄያለሁ። ዘንድሮ ወንፈል ይመጡልኛል። በሰላም ልኑርበት።» ከዚያ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አኖሩ። «ደግሞም ለእኔ ስትል በራስህ ላይ አትዋሽ፤ ነውር ነው።»

ጥቅምት ላይ የነገርኳቸው ቢሆን ኖሮ እውነት ነበር። መጋቢት ላይ ቸርነት ሆነብኝ። ጠላውን እንደምንም ጨልጬ ተነሣሁ። እንግዳ ብቻውን አይሄድም ብለው ሊሸኙኝ አብረውኝ ወጡ። መንገዱ በማሳቸው በኩል ነው። መሐሉ ላይ ደረቁ ጉድጓድ አለ፤ ከመሬት ብቅ ያለ፣ አፉ በብረት የተበየደ ቧንቧ ነው። ዙሪያውን አርሰውታል፤ እሱን ግን አልነኩትም። አጠገቡ ስንደርስ ቆሙ። ኩታቸውን ከራሳቸው አውርደው ዝቅ አሉና «ማረኝ» አሉ። ባለፉ ቁጥር እንዲህ እንደሚያደርጉ ከአቋማቸው ያስታውቃል።

እኔም ከኋላቸው ቆሜ ባርኔጣዬን አወለቅሁና «ማረኝ» አልኩ።

አያ ኪሮስ ዞር ብለው አዩኝ። አብሬያቸው የጸለይኩላቸው መስሏቸው «እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ።